የሰባተኛ ፎቅ ሁለተኛ ካሴት

እህቱ ስትደውል መካኒኩ በጀርባው ተንጋሎ እጁን አንዲት የስፌት ማሽን ሆድ ውስጥ ከትቶ ነበር። በልብስ ፋብሪካው አዳራሽ ሁለት መቶ ማሽን ባንዴ ሲንጣጣ የስልክ ጥሪ እሰማለሁ ማለት ዘበት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥበት ነው ያወቀው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ማሸጊያ ክፍል ወጣና መልሶ ደወለ።

«እትዬ፣ ሰላም ነው? በሥራ ሰዓት ደውለሽ አታውቂም።»

«ሰላም ነው። ስማኝማ፤ ያቺ ልጅ ሆነን ግድግዳችን ላይ ለጥፈሃት የነበረችው ሴትዮ… አፏን እንደ ጉድጓድ ከፍታ የምትጮኸው…»

«ሚስማር?»

«ስሟን እኔ የት አውቄ። ካርዷ ላይ ያለው ሌላ ነው። ግን እሷ ናት፤ አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ አትጠፋኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሷን አልነበር? እኔ ጋ ተኝታለች።»

እህቱ ነርስ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በሽተኛ ስታስታምም የኖረች ሴት ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ምን ማለት እንደሆነ መካኒኩ ጠንቅቆ ያውቃል።

«ጉበቷ ነው» አለች ዝቅ አድርጋ። «ይሄንን ላንተ መንገርም አልነበረብኝም። ጠያቂ የላትም። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ናት በሳምንት አንዴ ብቅ የምትል። የምትመጣ ከሆነ ዛሬ ነገ አትበል።»

መካኒኩ እዚያው የታሸገ ሸሚዝ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

ሰባተኛ ፎቅ ማለት ባንድ ነው። ግንባታው ቆሞ በቀረ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ይለማመዱ የነበሩ አራት ልጆች። የሚጫወቱት ሃርድኮር ፓንክ የሚሉትን ሙዚቃ ነበር። ከበሮው ከኋላው አውሬ እንደሚያባርረው ሰው ይሮጣል፣ ጊታሩ እንደ መጋዝ ይቆርጣል፣ ዘፋኟ ሚስማር ትጮኻለች፤ ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ያልቃል። ያልለመደ ጆሮ ጎረቤት የተጣላ ነው የሚመስለው። መካኒኩ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ አንድ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ሠላሳ በማይሞላ ሰው መሀል ቆሞ ሲሰማቸው፣ ከጩኸቱ ሥር ሌላ ነገር ሰማ። ዜማ ነበረው። ረጅሙ እያሉ የሚጠሩት ጊታር መቺ ከዚያ ሁሉ ግርግር መሀል አንዲት ቀጭን ዜማ እንደ ክር ይመዛታል፤ ዘፋኟም ጉሮሮዋ ሊበጠስ እስኪደርስ እየጮኸች ያቺን ክር አትስታትም። ሰው እየጮኸ ማልቀስ፣ እያለቀሰም መዝፈን እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቀው። አባቱ በሞተ በስምንተኛ ወሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እንባ ጠብ አላለለትም፤ «የደረጃ መብራት» የሚለው ዘፈን ሲመጣ ግን፣

*ደረጃው ላይ መብራት አብሩልኝ፣*
*ልወድቅ አይደለም፣ መውጣቴን ሰው ይይልኝ*

ስትል፣ ጓደኞቹ ፊት መሆኑን ረስቶ ተንሰቀሰቀ።

አንድ ካሴት ነው ያወጡት። ሦስት መቶ ቅጂ። ሬዲዮ አንድ ጊዜ አጫወታቸው፤ ያውም አቅራቢው መሀል ላይ አቋርጦ አድማጮችን ይቅርታ ጠየቀ። ከነሱ በኋላ የመጡ፣ ያቺን ቀጭን ዜማ ከነሱ የቀዱ፣ እሷንም አለስልሰው የሸጡ ባንዶች አዳራሽ ሞሉ፤ የሰባተኛ ፎቅን ስም ያነሳ ግን አንድም አልነበረም። ይሄ ነገር መካኒኩን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋው ኖረ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ ከፍቶ ስለነሱ ይጽፋል፤ ዘፈን በዘፈን፣ አንዳንዴም የአንድ ዘፈን አሥር ሰከንድ ብቻ ይዞ ሁለት ገጽ። አንባቢዎቹ አርባ አንድ ናቸው። አንዷ እህቱ ናት፤ እሷም ለወግ ነው እንጂ አንብባው አታውቅም።

ሁለተኛ ካሴት እንደነበረም ያውቃል። ዘጠኝ ዘፈን በአራት ቀን ቀርጸው ጨርሰው ነበር። በሳምንቱ ከበሮ መቺውን የጭነት መኪና ገጨውና ሞተ። የተቀሩት ሦስቱ የተቀረጸበትን የቴፕ ክር ሳይሰሙት እስቱዲዮው ውስጥ ትተውት ተበተኑ።

መካኒኩ እህቱ በደወለች ማግስት ከምሳ በኋላ አስፈቅዶ ሆስፒታል ሄደ። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ የአንዱ አልጋ እግር ተሰብሮ በጡብ የተደገፈ። ሚስማር መስኮቱ ጥግ ናት። ዱሮም ቀጭን ስለነበረች ነው ስሙ የወጣላት፤ አሁን ግን ከአንሶላው ሥር ሰው ያለም አይመስልም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል።

«እንደምን ዋሉ?» አላት።

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። የስፌት ማሽን መካኒክ ነኝ።»

«እኔ ላይ የሚሰፋ ቦታ አልቀረም» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

መካኒኩ የያዘውን ብርቱካን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ቆመ። ከዚያ ቤቱ ሲዘጋጅበት ያደረው ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋና፣ «የደረጃ መብራት ሁለተኛው ግጥም ላይ ትንፋሽ ሳይወስዱ አራት ስንኝ ያልፋሉ። እንዴት እንደሚችሉት ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እፈልግ ነበር» አለ።

ዓይኗን ገለጠች። «ከዚያች ነርስ ጋር ተማክራችሁ ነው የምታሾፉብኝ?»

«እህቴ ናት። እየቀለድኩ አይደለም።» ከዚያ የመጀመሪያውን ካሴት ዘፈኖች አሥሩንም በተራቸው ጠራላት፤ የትኛው ላይ ጊታሩ እንደሚስት፣ የትኛው ላይ ከኋላ በር ሲዘጋ እንደሚሰማ ሳይቀር። አጠገቧ ያለችው አሮጊት ጸሎት የሚያደርስ መስሏት አንገቷን ደፋች።

«አንቱ አትበለኝ» አለች ሚስማር መጨረሻ ላይ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስተኩስ አንድ ሰው ይሄንን ቢለኝ ኖሮ…» አልጨረሰችውም። አላለቀሰችም ግን። የማልቀሻ አቅምም የላትም።

ለሦስት ቀን ተመላለሰ። በሦስተኛው ቀን እጁን ያዘችው፤ እጇ ትኩስ ነበር።

«ከበሮ መቺው ታናሽ ወንድሜ እንደነበር ታውቃለህ?»

አላወቀም። ሃያ አንድ ዓመት ሲጽፍ፣ ይሄንን አላወቀም።

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት። የሱ የምለው አንድም ነገር የለኝም፤ ፎቶው እንኳ ቤት ስቀይር ጠፋብኝ። የመጨረሻው ከበሮው ሁለተኛው ካሴት ክር ላይ አለ። ያኔ መስማት አቃተኝ። ነገ ነገ ስል ሃያ ዓመት አለፈኝ። አሁን ልስማው። ታመጣልኛለህ?»

«አመጣልሻለሁ» አለ። አፉ ልቡን ቀደመው።

አራተኛው የባንዱ ልጅ አገር ለቆ ከወጣ ቆይቷል፤ መጀመሪያ ረጅሙን ፈለገው። የሴራሚክ ንጣፍ ሱቅ ከፍቷል፤ ጸጉሩ አልቋል፤ መነጽሩ በገመድ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ደንበኛ የመጣለት መስሎት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ለመታጠቢያ ቤት ነው ለወጥ ቤት?»

«አይ፣ የመጣሁት ስለ ሰባተኛ ፎቅ ነው።»

«ሰባተኛ ፎቅ ድረስ እናደርሳለን። ሊፍት አለው?»

«ባንዱን ነው የምልህ» አለ መካኒኩ። ቀስ በቀስ የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ይጠርግ ጀመር።

«እሱን ነገር ተወው» አለ። «እኔ ልጆች አሉኝ። የያኔውን ራሴን አላውቀውም።»

«ሚስማር ታማለች። ብትጠይቃት…»

«ወንድሟ የሞተ ቀን ማታ ልምምድ ነበረን። ቶሎ ና ብዬ የደወልኩለት እኔ ነኝ።» ድምፁ አልተለወጠም፤ የንጣፍ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። «ምን ብዬ ልጠይቃት? እስቱዲዮው የነበረበት ቤት አለ። ባለቤቱ ሞቷል፤ ሚስቱን ጠይቃት።»

እስቱዲዮው ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኗል። የእስቱዲዮው ባለቤት ሚስት ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጆሮዋ የከበዳት ሴት ናት፤ መካኒኩን በጓዳ በኩል አስገባችው። በአንደኛው ግድግዳ ከታች እስከ ላይ የክር ካርቶን ተደርድሯል። ማጫወቻው የማቀዝቀዣ ያህላል፤ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ቆሞበታል።

«እሱ ከሞተ ወዲህ ነክቶት የሚያውቅ የለም ልጄ። ልጥለው እልና እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሁለት ሰዓት ፈለጉ። አግድም በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሰባተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 2» የሚል ካርቶን ሲያገኝ መካኒኩ ወደ ማጫወቻው ወሰደው። የማጫወቻው ቀበቶ ረግቦ ነበር። ከመሣሪያ ቦርሳው የስፌት ማሽን ቀበቶ አውጥቶ፣ ቆርጦና ለክቶ ገጠመለት። ክሩን አጠመደ። አስነሳው።

መጀመሪያ ሽሽ የሚል የባዶ ክር ድምፅ። ከዚያ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፦

«ምዕራፍ አንድ። የመንገድ ዳር ምልክቶች። ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ምልክት ሲያጋጥመን…»

መካኒኩ ክሩን አውጥቶ አየው፤ ካርቶኑን አገላበጠው። ከበስተጀርባው በቀይ፣ «የመንጃ ፈቃድ ትምህርት» የሚል ነበር።

«ወይ ጉድ» አለች ሴትዮዋ አጎንብሳ። «ዓመል ነበረበት እኮ። ሁለት ዓመት ባለቤቱ ያልጠየቀው ክር ላይ ሌላ ይቀዳ ነበር። ክር እንደ ልብ የት ይገኝ ነበር ያኔ? አስፈላጊ ነበር እንዴ ልጄ?»

«አይ፣ እማማ። ግድ የለም።»

ሰው ሲቀርጽበት መጨረሻው ላይ ከድሮው የሚተርፍ ነገር ይኖራል ብሎ ክሩን እስከ መጨረሻው ሰማው። አምሳ ሁለት ደቂቃ። የእግረኛ መሻገሪያ፣ የቀኝና የግራ ቅድሚያ፣ በምሽት ስለ መንዳት። ሰውዬው «እናመሰግናለን» ብሎ ሲጨርስ መካኒኩ ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ ጠበቀ። ያው ሽሽ የሚለው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም ክሩ አልቆ ጎማው በባዶ እስኪዞር ድረስ። ሌሎቹንም ካርቶኖች አንድ በአንድ ከፈታቸው። ሲጨርስ ሴትዮዋ የአበባ ማስቀመጫውን መልሳ ቦታው ላይ አኖረችው።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እህቱ ጠበቀችው። ነገራት።

«እውነቱን ንገራት» አለች እህቱ።

«ይገድላታል።»

«ምን የሚገድላት ነገር ቀረ ብለህ? ሞኝ አትሁን። የሚሞት ሰው ጆሮው ጥሩ ነው፤ ውሸት ይሰማል።»

አልሰማትም። ምክሯ ከጆሮው ወደ ልቡ አልደረሰም። ደረጃውን ሲወጣ አንድ ነገር ነው ያሰበው፦ በዓለም ላይ ያንን ክር ከባዶ ተነስቶ መናገር የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነው።

«አገኘሁት» አላት። «ክሩ አርጅቷል፤ ወደ ሌላ እስኪገለበጥ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ግን ሰምቼዋለሁ።»

ሚስማር ትራሷን እንዲያስተካክልላት በዓይኗ ጠየቀችው። ከፍ አደረጋት።

«ንገረኝ» አለች። «ከመጀመሪያው።»

ነገራት። የመጀመሪያው ዘፈን ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል፣ ከዚያ ከበሮው እንደ ናዳ ይመጣል አላት። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ጸጥ ብለው የሷ ድምፅ ብቻ ለሁለት ስንኝ እንደሚቀር፣ አምስተኛው ከሁሉም እንደሚፈጥን፣ በዚያ ፍጥነት ውስጥ ግን ዜማው እንደ እሹሩሩ እንደሚለሰልስ ነገራት። ስለ ወንድሟ የከበሮ አመታት ብዙ ተናገረ፤ እጁን አልጋው ጠርዝ ላይ እየመታ አሳያት። አጠገቧ ያለችው አሮጊት ቀና ብላ ታዳምጣለች። መካኒኩ እንደዚያ ቀን አሳምሮ ተናግሮ አያውቅም። ከጽሑፉ ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ እሱ ራሱም የሰማው እስኪመስለው ደረሰ።

ሚስማር ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«መጀመሪያ ላይ» አለች፣ «ከመጀመሩ በፊት፣ ወንድሜ ምን ይላል?»

መካኒኩ ያመነታው ለአንዲት ቅጽበት ነው። ድምፁን ሊሰጣት ፈለገ። ከዚያ ሁሉ ነገር መሀል የልጁን ድምፅ ብቻ እንኳ ሊሰጣት።

«ይቆጥራል» አላት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! ይላል። እየሳቀ።»

ዓይኗን ገለጠች። በመተላለፊያው የምግብ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ።

«ወንድሜ ተብታባ ነበር» አለች። «አንድ የሚለውን ቃል ለማውጣት ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል። በከበሮ ዱላው ነበር የሚቆጥርልን፤ በአፉ አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም።»

መካኒኩ ያንን የዱላ አቆጣጠር ያውቀዋል። በመጀመሪያው ካሴት ላይ ሁሉም ዘፈን በዱላ ነው የሚጀምረው፤ እንዲያውም ስለሱ ሙሉ አምስት ገጽ ጽፏል። ከበሮ መቺው ቃልን ስለሚንቅ ነው፣ ሙዚቃ ከቃል በፊት እንደነበረ ሊያሳየን ነው፣ እያለ የተፈላሰፈበት አምስት ገጽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ድምፁን ሊሰጣት ሲንጠራራ የተናገረው ሁሉ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ተቀድቶበት አገኘኸው?» አለች። «ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ክር አያስቀምጥም ነበር።»

«የመንጃ ፈቃድ ትምህርት» አለ መካኒኩ።

«ምን?»

«የመንገድ ሕግ። የትራፊክ ምልክቶች።»

ሚስማር አፏን ከፈተች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «ወንድሜ ላይ? እሱ ላይ የመንገድ ሕግ?» እያለች ሳቀች። አሮጊቷም ነገሩ ሳይገባት አብራት ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ሌላ ነገር፤ ከዚያ መካኒኩ ከዚያች ደረት ይወጣል ብሎ ያልጠበቀው ድምፅ ወጣ። ዜማ የለውም። እህቱ ከወዲያ እየሮጠች መጣች።

«ሂድ አሁን» አለችው ሚስማር፣ ትንፋሿ ሲመለስ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ እውነቱን፣ እውነቱን ብቻ ሊነግራት፣ ይቅርታም ሊጠይቃት መጣ። እህቱ በር ላይ ያዘችው።

«ሰው አላይም ብላለች። ላንተ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ነው።»

«ስለኔ ምን አለች?»

እህቱ መዋሸት ትችል ነበር። «ምንም» አለችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞተች።

ቀብሩ ላይ አሥራ አራት ሰው ተገኘ፤ አብዛኞቹ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች ናቸው፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ለአንድ ሰዓት ተፈቅዶላቸው የመጡ። አለቃቸው ጥቂት ቃል ተናገረ። ዝምተኛ ነበረች አለ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም አለ። ሴቶቹ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። መካኒኩ መናገር ፈለገ። ይቺ ሴት ትንፋሽ ሳትወስድ አራት ስንኝ ታልፍ ነበር ሊል፣ እኔ ያባቴን እንባ ያለቀስኩት በሷ ጉሮሮ ነው ሊል ፈለገ። እግሩንም አነሳ። ግን ያለፈው ሳምንት አንደበቱ ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ ያማረ ንግግር። እግሩን መልሶ አስቀመጠ። አለቃቸው ሰዓቱን አየ፤ ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ረጅሙ ከመቃብር ቦታው በር ውጭ፣ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። አልገባም። መካኒኩ ሲወጣ ቀና ብሎ አየው።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ክሩን አገኘኸው?»

«ተቀድቶበታል።»

ረጅሙ ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ መካኒኩ። «ከዘጠኙ አንዱን ታስታውሰዋለህ? ዜማውን ብቻ። አንዱን።»

ረጅሙ መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑን ጨፈነ። የግራ እጁ ጣቶች አየር ላይ፣ በሌለ የጊታር አንገት ላይ ተንቀሳቀሱ። በአፍንጫው ማንጎራጎር ጀመረ። ሁለት ስንኝ ያህል ሄደ።

«ይሄ የደረጃ መብራት ነው» አለ መካኒኩ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ከመጀመሪያው ካሴት።»

ረጅሙ እንደገና ሞከረ። ጣቶቹ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ሄዱ። ከአፍንጫው ግን ምንም አልወጣም። መነጽሩን አጠለቀ።

«ሌላ የለም» አለ። «እኔ ጋ ሌላ የለም።»

ላድርስህ አለው። መካኒኩ በእግሬ ልሂድ ብሎ አመሰገነው። መኪናው ከሄደ በኋላ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተራመደ። ከሰዓት ፈረቃ ሊጀምር አርባ ደቂቃ ነበረው፤ ሦስት ማሽን ተበላሽቶ ይጠብቀዋል። የመጣው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።